ያልተቀመሰ ሾርባ

ሐሙስ ዕለት ዚነት የላከችልኝ የድምፅ መልእክት አርባ ሁለት ሰከንድ ነበር። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ፍሬ ነገሩ "ጸዲ፣ ነገ ሚዛንሽን ይዘሽ ነይ፤ አባዬ ሾርባዬን አልበላ አለ" የሚል ነው። ቀሪው ሰላምታና የሽንኩርት መክተፊያ ድምፅ ነው።

ከዚነት ጋር ያስተዋወቀን ምግብ ነው። ሁለታችንም ስለ ቤት ምግብ እንጽፋለን፤ እሷ በቴሌግራም ቻናሏ፣ እኔ በብሎጌ። እንደኛ የሚጽፉ ዘጠኝ ሰዎች ያሉበት አንድ ግሩፕ አለን። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንዳችን የሌላችንን ምግብ በራሳችን ማድቤት እንሠራና ከማን እንደወሰድነው ጠቅሰን እንለጥፋለን። በሁለት ዓመት ውስጥ የዚነትን ምግብ አሥራ አንድ ጊዜ ሠርቻለሁ። እሷ የእኔን ዘጠኝ ጊዜ። ግን ከድስቷ ቀምሼ አላውቅም፤ እሷም ከእኔ። እኔ የሙስሊም ሥጋ አልበላም፣ እሷ የክርስቲያን አትበላም። ስለዚህ የእሷን ቀይ ወጥ በእኔ ሥጋ፣ የእኔን ጥብስ በእሷ ሥጋ እየሠራን ፎቶ እንለዋወጣለን። "መልኩ ልክ ነው" እንባባላለን። ጣዕሙን እናምናለን።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ገቡ። ግሩፑ በማፍጠሪያና በጾም ምግብ ተሞላ። እኔም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የዚነትን የአጃ ሾርባ ያለ ሥጋ ሠርቼ በግራም ጽፌ ለጠፍኩት። ሁሉንም ነገር በግራም ነው የምጽፈው። "አንድ ጭብጥ" የሚል ሳነብ የማን እጅ እንደሆነ እያሰብኩ እጨነቃለሁ። ግሩፑ ውስጥ "ፋርማሲስቷ" ይሉኛል።

ለዚነት ደወልኩላት።

"አልበላ አለ ስትዪ?"

"ሁለት ማንኪያ ይቀምስና 'ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ' ብሎ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ትናንት ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ 'ከቅዳሜ ጀምሮ ፉሪ መስጊድ ነው የማፈጥረው፤ አትድከሚ።'"

"መስጊድ ምን ይበላሉ?"

"ተምርና ውሃ። ከዚያ ብቻውን ቤቱ ይገባና ይተኛል።" ቢላዋዋን ስታስቀምጥ ተሰማኝ። "የእማዬ ሾርባ አልሆነልኝም ጸዲ። የሆነ ቦታ መጠኑን ስቻለሁ። አንቺ ብትመዝኚው ታገኚዋለሽ። ነገ ካልበላ እኮ ሄደ።"

እናቷ ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ያለ እሳቸው የመጀመሪያው ረመዳን መሆኑ ነው። አባቷ ጋሽ ሃምዛ ፉሪ ያለውን ቤታቸውን ትተው ልጃቸው ጋ መግባት አልፈለጉም። ማታ ማታ ግን ለማፍጠር ይመጣሉ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ሱፍ እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

"በሁዳዴ ሥጋ ልትቀቅይ?"

"አልቀምሰውም እኮ እማ።"

"ሽታውስ?"

"ሽታ ያስገድፋል እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ለማንኛውም መስኮት አጠገብ ቁሚ።" ወደ ሱፏ ተመለሰች። ቆይታ ግን፣ "ቆይ፣ እሷም ጾመኛ አይደለች? ታዲያ ማን ይቀምሰዋል?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ጨዉን ቆጠብ አድርጊ። ጨው ይጨመራል እንጂ አይቀነስም።"

ዓርብ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ሚዛኔን በፎጣ ጠቅልዬ፣ አቅፌው፣ ከጀሞ ወደ ለቡ ታክሲ ያዝኩ። ጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ጥቅሉን አይተው፣ "አሞት ነው?" አሉኝ በሐዘኔታ።

"ሚዛን ነው" አልኳቸው።

ፈቀቅ አሉ።

የዚነት ቤት ለቡ ነው፤ ደረጃው ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚሸት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባሏ ሐዋሳ ስለሚሠራ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ከዚያ በፊት በአካል የተያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ ጀሞ ገበያ፣ ሁለታችንም ቲማቲም ስንመርጥ። በስልክ ድምፅዋ ረጅም ትመስለኛለች፤ ግን ከእኔ ታጥራለች። በሩን ከፍታ ጥቅሉን ተቀበለችኝና ወደ ማድቤት ዞራ ለድስቱ፣ "ፋርማሲስቷ መጣችልህ" አለችው።

ሥጋው ተከትፎ ተቀምጧል። መዘንኩት። ስድስት መቶ አርባ ግራም።

"ግማሽ ኪሎ ብለሽ ነው የጻፍሽው" አልኳት።

"ግማሽ ኪሎ ነው የገዛሁት። ባለ ሥጋ ቤቱ መረቀልኝ።"

"መቶ አርባ ግራም?"

"ረመዳን ነዋ።"

መቶ አርባውን ቀንሼ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት። ቀሪውን ከነ አጥንቱ በሁለት ሊትር ውሃ ጣድነው። ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ እርዱን እየመዘንኩ ከጻፈችው ጋር አስተያየሁ። አጃው ላይ ስደርስ ተስፋ አደረግሁ። "ሦስት ሲኒ" ነበር የጻፈችው። ሲኒ ደግሞ እንደየቤቱ ነው።

"በየትኛው ሲኒ ነው?"

ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከንፈሩ የተሸረፈ ትንሽ ሲኒ አወጣች። "የእማዬ ነው። ከፉሪ ያመጣሁት ይሄን ብቻ ነው።"

ሲኒው ሃምሳ አራት ግራም ያዘ። ሦስቱ መቶ ስልሳ ሁለት። ዚነት ስትሠራ የነበረው በዚሁ ሲኒ ነው፣ እናቷም በዚሁ። ቲማቲሙ ልክ ነው። የድንብላል ቅጠሉ ልክ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን የምመዝነው ነገር አለቀብኝ።

"እሺ፣ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ሁሉም ልክ ነው።"

"ልክ ከሆነ ለምን አይበላም?"

"አላውቅም።"

ይህን ቃል ማድቤት ውስጥ መናገር አልወድም። እሷም መስማቱን አልወደደችውም መሰለኝ፤ ቃሪያ ማጠብ ጀመረች። ቆይታ ግን ብቻዋን ሳቀች።

"ደግሞ እማዬ ከእኔ ትብስ ነበር እኮ። ጨው አትችልም። ሠላሳውን ቀን አልጫ። አዛን ይላል፣ ሾርባው ይቀርባል፣ አባዬ 'ጨው አቀብሉኝ' ይላል። በየቀኑ። እኛ ልጆቹ ቀድመን ጨዉን ፊቱ እናስቀምጥና እንስቅባታለን። እሷም አብራን ትስቅ ነበር። እኔ እሱን አስተካክያለሁ። ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ለጥ ያለ። ቻናሌ ላይ ስንት ሰው መሰለሽ 'የዚነት ጨው አይሳሳትም' የሚለኝ።"

ጨው የሚገባበት ሰዓት ደረሰ። ድስቱን ከፈትነው። ሁለት ሰዓት ፈልቷል፤ ከሁለቱ ሊትር ውሃ ምን ያህሉ እንደተነነ ማወቅ አለብኝ። ድስቱን ብመዝነው አውቀው ነበር፤ ሚዛኔ ግን ከአምስት ኪሎ በላይ አይችልም። ሌላ ሰው ቢሆን በጭልፋ ጨልፎ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። እሷ እስከ አዛን ምራቋን ነው የምትውጠው። እኔ እስከ ፋሲካ ነኝ። ሁለታችንም ድስቱ ላይ አጎንብሰን አሸተትን።

"ምን ይላል?" አለችኝ።

"ሥጋ ሥጋ ይላል" አልኩና እናቴ ትዝ ብላኝ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

"ሁለት ማንኪያ ጨምሪ።"

አንድ ጨመርኩ። ስድስት ግራም።

"ሁለት ነው ጸዲ።"

"ውሃው ስንት እንደቀረ አናውቅም። ይጨመራል እንጂ አይቀነስም።"

"በዛሬ ቀን? እንግዳ ፊት አልጫ ሾርባ ላቀርብ?"

"እንግዳዋ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አልበላውም።"

ጭልፋውን ይዛ ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ድስቱን ከደነችው።

ጋሽ ሃምዛ የመጡት አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀጭን ናቸው፤ ነጭ ቆብ አድርገዋል። ጡረታ እስኪወጡ አናጺ ነበሩ፤ ሲገቡ የበሩን መቃን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ነው ያለፉት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተውኩትን ሚዛን አዩ።

"ወርቅ ልትሸጡ ነው?"

"ሾርባ ስንመዝን ነበር አባዬ። ጸደንያ ናት፣ የነገርኩህ።"

"ያቺ በግራም የምትጽፈው?"

ተነስቼ እጅ ነሳሁ።

አዛኑ ሲሰማ ተምር በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሰገዱ። እኔ የምስር ሳምቡሳዬን ይዤ ጠበቅኋቸው፤ ዚነት ለእኔ ብላ በአዲስ ዘይት ነው የጠበሰችው። ተመልሰው ሲቀመጡ ድስቱን መሐል አስቀምጣ ለአባቷ ቀዳች። አንድ ማንኪያ ወሰዱ። ሁለተኛውን ወሰዱ።

"ጥሩ ነው አባዬ?"

"ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።" ማንኪያውን ከሳህኑ ጎን አኖሩት።

ዚነት ወደ እኔ አላየችም። ተምሩን ከቦታው አንስታ መልሳ እዚያው አስቀመጠችው።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ግን የተሳሳተ መጠን የእኔ ሆኖ ሳለ በሌላ ሰው ስም ሲቀመጥ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። አንዱን ማንኪያ ጨው ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

"ጋሼ" አልኩ። "ሾርባውን ማናችንም አልቀመስነውም። ጨዉን የቀነስኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እሷ የለችበትም። ምን እንደጎደለው ቢነግሩን።"

ጋሽ ሃምዛ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳህኑን። ማንኪያውን አነሱ። ይህኛውን እንደ ቀድሞዎቹ ቶሎ አልዋጡትም። አፋቸው ውስጥ ይዘው ወደ ጣሪያው ተመለከቱ።

"ጨው" አሉ።

"እሺ።"

"ሎሚም የለውም።" ሌላ ማንኪያ ወሰዱ። "አጃው ጥሩ ነው።" ሌላ። "አይ፣ አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። አሁን ግን አልፏል። ጨው አቀብሉኝ።"

ዚነት አቀበለቻቸው። በሦስት ጣታቸው ቆነጠሩና ሳህናቸው ውስጥ ሳይሆን ድስቱ ውስጥ ነሰነሱት። አማሰሉ፤ ቀመሱ፤ ጥቂት ደገሙ። ከዚያ የልጃቸውን ሳህን ስበው ራሳቸው ቀዱላት።

"አሁን ብዪ። እናትሽ እንደዚህ ነበር የምታቀርበው።"

"እማዬማ ጨው አትችልም ነበር" አለች ዚነት።

"ማን ነው ያለው?"

"ሁላችንም።"

"የሰፈሩ ሠርግ ወጥ የሚሠራው በማን እጅ ነበር? አንድ ቀን ጨው ጎደለው ያለ ሰው ሰምተሻል?"

ዚነት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ትችል ነበር" አሉ ጋሽ ሃምዛ፣ ሳህናቸውን እየሞሉ። "'እኔ ሳልቀምስ ጨረስኩት አልልም፤ ምን ጎደለው? አንተ ጨርሰው' ትለኛለች። ሠላሳ አራት ረመዳን። አንቺ 'ጥሩ ነው?' ነው የምትይኝ። ጥሩ ነው። ታዲያ ውሸት ልናገር?"

ዚነት ተነስታ ማድቤት ገባች። ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ፤ ምንም ነገር ሲታጠብ ግን አልሰማሁም። ጋሽ ሃምዛ መብላታቸውን አላቆሙም፤ የሳምቡሳውን ሳህን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ዚነት ፊቷን አብሳ፣ ቃሪያ ይዛ ተመለሰች።

"ሁለት ማንኪያ ብዬሽ ነበር" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

የአባቷን ጣቶች እያየሁ ነበር። አሥራ ሁለት ግራም ሊሞሉ ስንት ጊዜ ቆነጠሩ? አየችኝ።

"እጁን ልትመዝኚ እንዳታስቢ።"

ሁለት ሳህን በሉ። በሦስተኛው ላይ ግማሹን ተዉ፤ ግን እየተነፈሱ፣ ቀበቷቸውን ላላ አድርገው ነው የተዉት። ሊሄዱ ሲነሱ ሚዛኑን በአንድ ጣት ጫን አድርገው ቁጥሩ ሲሮጥ ተመለከቱ። ስለ ቅዳሜ አንድም ነገር አላሉም። ዚነትም አልጠየቀችም። ጫማቸውን አጥልቀው በሩ ላይ ከቆሙ በኋላ ነው፣

"ነገ ሎሚ እንዳትገዢ" ያሏት። "ፉሪ ግቢያችን ያለው እየረገፈ ነው።"

በማግስቱ ሾርባውን ከነ ሥጋው ብሎጌ ላይ ጻፍኩት። ሥጋ፣ አምስት መቶ ግራም። አጃ፣ መቶ ስልሳ ሁለት። ጨው ጋ ስደርስ ቆምኩ። አንድ ቁጥር ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ "ጨው፣ ስድስት ግራም፤ ቀሪውን ገበታው ላይ ያለ ሰው ይጨምራል" ብዬ ለቀቅሁት። ግሩፑ ውስጥ ወዲያው አንዷ፣ "ፋርማሲስቷን አሟታል እንዴ?" ብላ ጻፈች።

እናቴ በትከሻዬ በኩል አነበበችው። "ቆጥበሻል" አለች፤ እጄን አሸተተችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ማታ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከዚነት ፎቶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አምስት ሎሚዎች፣ አጠገባቸው የተጠረገ ሳህን፣ ጥግ ላይ የጋሽ ሃምዛ እጅ ጨው እንደቆነጠረ። ከሥሩ፣ "ስንት ግራም እንደሆኑ እንዳትጠይቂኝ" ብላለች።

አልጠየቅኋትም። ከፎቶው ሲታዩ ግን ትልልቅ ናቸው፤ አንዱ ስልሳ ግራም ሳይሞላ አይቀርም።