በአራት ኒውትሮን የሚበልጠው አዮዲን

ቢቸና ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። ስለ አይሶቶፕ፣ በኒውትሮን ብቻ ስለሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች፣ ሳስረዳ የሚገባው ተማሪ ከአንድ ክፍል አንድ ቢገኝ ነው። እናቴ ይርጋነሽ ግን ፊደል ሳትቆጥር በአንድ ቀን ገባት። ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው።

የአንገቷ እንቅርት ልቧን ያስሮጠው ጀመር፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ከስታም አለቀች። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሟ ዶክተር ሃና "ጨረር ያለው አዮዲን ይወስዳሉ፤ ልባቸው ብዙ አይታገሥም" አሉኝ። ወረፋው ሰባት ወር ፈጀ። ከቀጠሮው በፊት ሁለት ሳምንት አዮዲን ያለው ጨው እንዳትቀምስ አዘዙ።

እናቴ ወደምትኖርበት ሞጣ ድረስ ሄጄ አስረዳኋት። "አዮዲን ሁለት ዓይነት አለ። የጨዋችንና የሐኪሞቹ ፕሮቶናቸው እኩል ነው፤ ጠባያቸውም አንድ። የሐኪሞቹ ግን በአራት ኒውትሮን ይበልጣል፤ ስለዚህ አይረጋም፣ ጨረር እየረጨ ይፈርሳል። እንቅርትሽ ሁለቱን አይለይም። በጨው አዮዲን ከጠገበ መድኃኒቱን አይቀበልም።"

"መልኩም ጠባዩም አንድ፤ ሥራው ግን ሌላ" አለች።

"እንዲያ ነው" አልኋት፤ ኮራሁባት። አዮዲን የሌለው ጨው ፈልጌ ሰጥቻት ተመለስሁ።

ወደ አዲስ አበባ የምንጓዝበት ዋዜማ ከሞጣ ቢቸና መጣች። ገና ሳትቀመጥ ከነጠላዋ ጫፍ የድፎ ዳቦ ቁራሽ ፈታ ዘረጋችልኝ።

"የሃያ አንዱ ማኅበር ነው፤ ቄሱ ባርከውታል። ከእትዬ አስናቀች ቤት ጽዋውን ከነዳቦው ተረከብሁ። ይችን ለአንተ አስቀረሁልህ።"

"ሌላውን ማን በላው?"

"እኔ ነኛ። ሳምንቱን ሙሉ ጧት ጧት እየቆረስሁ።"

"ዳቦው ጨው የለውም? የእትዬ አስናቀች ጨው ከነአዮዲኑ ከሱቅ አይደለም የመጣ?" ብዬ ጮኽሁባት። በእናቴ ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነው፤ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። ዶክተር ሃና ጋ ደወልሁ። "ሳምንት ሙሉ ከበሉማ አይሆንም" አሉ፤ ቀጣዩ ወረፋ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ስዞር እናቴ ቁራሹን እንደያዘች ቆማለች።

"አንተው አይደለህ ያልኸኝ?" አለች ቀስ ብላ። "መልኩ አንድ ሆኖ ሥራው ሌላ የሆነ አለ አልኸኝ፤ አመንሁህ። ቄሱ የባረኩትም ጨው እንደዚያው መሰለኝ።"

የሐኪሞቹ አዮዲን ልዩነት በመሣሪያ ይለካል፣ ይቆጠራል ልላት ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ኒውትሮን ሳወራ፣ "የማኅበሩንም ዳቦ እንዳትነኪ" የምትል አንዲት ቃል አልተናገርሁም። ሦስት ወር ትቆይልኝ እንደሁ አላውቅም፤ ፈራሁ።

ቁራሹን ከሚንቀጠቀጠው እጇ ተቀብዬ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ለእሷ አልቆረስሁላትም። እያየችኝ ብቻዬን በላሁት፤ ጨው አልጎደለውም።