ዘበኛው ምሳ ላይ ነው

ሰባተኛው መርማሪ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ሲገባ፣ እንደ ስድስቱ ቀዳሚዎቹ ሁሉ የሀዘን ፊቱን ለብሶ ነበር። ያንን ፊት መሥሪያ ቤታቸው ከዩኒፎርሙ ጋር አስፈርሞ ሳያስረክባቸው አይቀርም። የሰባት ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት በር ላይ ከጠፋች ሃያ ዓመት ሞላት፤ ለእናትየው የተረፋት ነገር ቢኖር እነዚህን ሰዎች በሆዷ መስደብ ነው።

«እናቴ፣» አለ፣ ተቀመጥ ሳይባል ተቀምጦ። «መዝገቡ ሊዘጋ ነው። እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።»

እናቴ! ሁሉም እናቴ ይሏታል። አንደኛው በቴሌቪዥን ቀርቦ «ሁለት መቶ አስራ አራት ሰው ጠይቀናል፣ ያልረገጥነው ቦታ የለም» ብሎ ደረቱን ነፋ፤ በወሩ ሹመት አገኘ። ሦስተኛው የልጅቷን ፎቶ ወስዶ ጣለባት። አምስተኛው ደግሞ በሌላ ልጅ ስም እየጠራ አጽናናት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

«ከፈረምኩስ?»

«መዝገቡ መጋዘን ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚፈልጋት አይኖርም።»

«እስካሁን ማን ፈልጓት?» አለችና ማህደሩን ከእጁ ሳበችው። «ሳላነብ አልፈርምም።»

መርማሪው ስልኩ ጮኸና በረንዳ ወጣ። እሷም መነጽሯን አድርጋ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ማህደሩን ገልጣ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ምሳ ላይ ስለነበረ አልተገኘም፤ ተመልሰን እንጠይቀዋለን።» ገለጠች። የሁለተኛው መርማሪ ሪፖርት፦ ዘበኛው ምሳ ላይ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሌላው ቀርቶ ይኸ በረንዳ ላይ የቆመው፦ ዘበኛው ምሳ ላይ ነው፣ ተመልሰን እንጠይቀዋለን። ከመጀመሪያው በቀር ስድስቱም ያለፈውን ገልብጠው ቀኑን ብቻ ቀይረዋል።

«ና እስቲ፣» አለችው ሲመለስ። «ይኸ ሰውዬ ምን ዓይነት ምሳ ቢቀርብለት ነው ሃያ ዓመት ሙሉ በልቶ ያልጨረሰው?»

አነበበና አቀረቀረ። «አሠራሩ እንደዚህ ነው፣ እናቴ። አዲስ መርማሪ ካለፈው ማጠቃለያ ነው የሚነሳው።»

«ተነስቶ የት ሊደርስ?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች። ዘበኛው ሩቅ አገር አልሄደም፤ ጡረታ ወጥቶ ከእሷ ቤት አራተኛው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። መርማሪው እያለከለከ ተከተላት።

«ጋሼ፣» አለች፣ ሰላምታውንም ዘላ። «ልጄ የጠፋች ቀን ያዩት ነገር ነበር?»

ሽማግሌው ከእሷ ወደ መርማሪው፣ ከመርማሪው ወደ እሷ አየ። «የማላውቃት ሴት እጇን ይዛ ወሰደቻት። ነጭ መኪና ውስጥ አስገባቻት። ሆዴ ስላልወደደው ታርጋውን ከዘበኛ ቤቱ በር ጀርባ በጠመኔ ጻፍኩት።»

መርማሪው ማስታወሻውን አወጣ። ከወረቀት ያልገለበጠውን ነገር ሲጽፍ መቼም ይኸ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ለምን አልተናገሩም?» አለች።

«ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኋቸዋ። ኋላ በቴሌቪዥን ሁለት መቶ ምናምን ሰው ጠየቅን ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ አይቶ ነግሯቸዋል ብዬ ተውኩት። አንቺንስ፣ የምታውቂውን ነገር እያነሳሁ ቁስልሽን ልነካካው?»

«ቁጥሩስ?»

«ዘበኛ ቤቷ እስክትፈርስ ስድስት ዓመት እዚያው ነበር።»

«ያስታውሱታል?»

ራሱን ነቀነቀ። «አስር ዓመት ያህል በቃሌ ይዤው ነበር። አሁን ጠፋብኝ።»

እናትየው ሃያ ዓመት ያጠራቀመችው ስድብ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ወደ መርማሪውም ዞረች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን ሽማግሌው ቀደማት።

«አንቺስ ብትሆኚ ልጄ፣ ሱሪዬን ስትጠግኚልኝ ነው የኖርሽው። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» ወቀሳ አልነበረም፤ እውነት ገርሞት ነው።

መርማሪው እስክሪብቶውን እንደያዘ መልሷን ጠበቀ።

«እርስዎ ነግረዋቸዋል ብዬ» አለች።