ፀሐይ ቦረቦሩ ላይ እስክትደርስ

ለምንድን ነው መንገዱን ሁልጊዜ የምትሥለው እሷ ሆና፣ የምትሄድበት ግን ፋድሪና የምትሆነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ትጠይቃለች፣ ጮክ ብላ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችም፣ አሁንም አትጠይቅም፣ ማድላይና ካርታውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እርሳሷን እየቀረጸች ነው፣ በመስኮቱ የታናሽ እህቷ ሳቅ ይገባል፣ ከሳቁ ሥር የዱሪ ድምፅ፣ ሁለቱ ደጅ ላይ ብስክሌቶቻቸውን ገልብጠው ፍሬን ያጠብቃሉ፣ ፍሬን ማጥበቅ ይህን ያህል ያስቃል እንዴ።

ጉዞው ነገ ነው። ከመንደሩ እስከ ናይራ በር፣ እስከ ተራራው መሻገሪያ፣ አሥራ ሦስት መቶ ሜትር አቀበት፣ መጨረሻው ላይ ብስክሌቱን በትከሻ፣ ከዚያ በሰሜን በኩል ቁልቁለቱ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ እግር የማያሳርፍ መታጠፊያ፣ በዚያ በኩል የወረደ ሰው በጣት ይቆጠራል፣ ፋድሪና ደግሞ ከሚቆጠሩት መሆን ትወዳለች። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር፣ ማድላይና ሦስት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ የድሮ የከብት መንገዶችን ፈልጋ አንዱን ካንዱ አገናኘች፣ የሸለቆው ጋዜጣ የፋድሪና መንገድ ብሎ ጻፈ፣ ከነፎቶዋ፣ ጭቃ እንኳ ያምርባታል፣ እናታቸው ቆርጣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው፣ ማድላይና ወተት ልታወጣ በሄደች ቁጥር እህቷ ትስቅባታለች።

እሱስ ይሁን። ዱሪ ግን። ስለ ናይራ በር ለዱሪ የነገረችው እሷ ናት፣ ጠዋት ጠዋት አብረው በሚሄዱበት ባቡር ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ሆነው፣ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ሥላ አሳየችው፣ አንድ ቀን አብረን እንወጣለን አለ፣ አብረን፣ ቃሉ የሱ ነው፣ እሷ አልጨመረችበትም፣ ከዚያ ፋድሪና ከውድድር ተመለሰች፣ ዱሪም ወደ እሷ ዞረ። አለቀ።

እርሳሱ ቦረቦሩ ላይ ደርሷል። ከበሩ በሰሜን በኩል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መሻገሪያው ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፣ ካርታው ላይ ቀጭን ጭረት ነው፣ እዚያ ውስጥ የከረመ በረዶ እስከ ሐምሌ መጨረሻ አይለቅም፣ ሌሊት ይጋገራል፣ ፀሐይ የምታገኘው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት መስታወት ነው፣ ከበታቹ ገደል። አባባ በሕይወት እያለ ወስዶ አሳይቷታል፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ ፋድሪና ያን ቀን ውድድር ነበረባት፣ አባባ አንዲት ጠጠር በረዶው ላይ አስቀመጠና በጣቱ ነካት፣ ተንሸራተተች፣ ፈጠነች፣ ጠፋች፣ ስታርፍ ድምፅ አልሰሙም፣ አየሽ የኔ ልጅ፣ እዚህ ቦታ ማርፈድ ነው የሚያዋጣው፣ አላት፣ ሰው እንዳይሰማው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እዚህ መንደር ማርፈድ ነውር ነዋ። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚወርድ ሁሉም የሚነሳው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ከቁርስ በኋላ የሚወጣ ቱሪስት ነው የሚባለው፣ ይስቁበታል፣ እና ማድላይና ወረቀቱ ላይ መነሻ አሥራ አንድ ሰዓት ብላ ጽፋለች። እጇ ነው የጻፈው። ሲጽፍ እያየችው። አሥራ አንድ ላይ ከተነሱ ሁለት ተኩል ላይ ቦረቦሩ ጋ ናቸው። ማን ይወቅሳታል፣ ማንም ቢሆን እንደዚያ ነው የሚጽፈው፣ ማንም።

ማዱ፣ ማዱዬ፣ ፋድሪና ናት በመስኮቱ፣ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው፣ ደወል ልሙላ። አሥራ አንድ፣ ትላለች ማድላይና፣ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስላል። ኧረ በናትሽ፣ አንድ እሑድ እንኳ ብንተኛ፣ ይላል ዱሪ፣ ዝም በል አንተ ሰነፍ፣ ማዱ ካለች አለች ነው፣ ማዱ ተሳስታ አታውቅም፣ ትለዋለች ፋድሪና፣ እንደ ቀልድ፣ ቀልድ ግን አይደለም።

ተሳስታ አታውቅም። ፋድሪናን እግሯን ብቻ ቢሰብራት፣ ትንሽ፣ አንድ ወር ብቻ ብትተኛ፣ ሰው ሁሉ የሚበላ ይዞ ይጠይቃታል፣ ደግሞ ያኔም እሷ ናት የምትጠየቀው፣ ዱሪ ግን በዚያ ወር ባቡር ውስጥ ብቻውን ይሆናል፣ ምን እያልሽ ነው፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ፣ ገደሉ አንድ እግር ይዞ አይተውም፣ ደግሞስ መጀመሪያ የሚሻገረው ዱሪ ቢሆን፣ ልቧ ዘለለ፣ እንዴ፣ የዘለለው ለሱ ነው፣ ለእህቷ ሲሆን አልዘለለም፣ ይሄ ከሁሉም ይብሳል፣ ፋድሪና ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቆማ ወረቀቱን ከኪሷ ስታወጣ ይታያታል፣ አትፈራም፣ ማዱ አደጋ አለው ብላ አልጻፈችም፣ ስለዚህ የለውም፣ ወረቀቱን አጥፋ ትከታለች፣ እግሯን ታነሳለች።

ወንበሩ ወደቀ፣ አታነሳውም፣ ደጅ ነች፣ እንዴት እንደወጣች አታውቅም፣ ፀሐዩ ዓይኗን ይወጋታል። ሁለት ሰዓት ነው መነሻው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ። ፋድሪና ቅባት በነካው እጇ ግንባሯን ታብሳለች፣ ማዱ ደግሞ፣ ቱሪስት ልታስብይን ነው፣ መንደሩ በመስኮት እየሳቀብን ልንወጣ። ይሳቅ። ቦረቦሩ ውስጥ በረዶ አለ፣ ፀሐይ ሳታገኘው የረገጠው አይመለስም፣ አባባ ነው ያሳየኝ። ቅድም ታውቂ ነበር? አውቅ ነበር። ዱሪ መፍቻውን ያስቀምጣል፣ ፋድሪና አትስቅም፣ ታዲያ ለምን አሥራ አንድ አልሽ፣ ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ማድላይና ረስቼው ልትል ትችላለች፣ ያምኗታል፣ ሁልጊዜ ያምኗታል።

ስለቀናሁብሽ።

ዱሪ መሬት መሬት ያያል፣ አሁን ገባው፣ ይግባው፣ ቅናቱ እንዳለ ነው፣ ተናግራው አልቀነሰም፣ እዚሁ ደረቷ ላይ ተቀምጧል፣ ይቀመጥ፣ ከሼዱ የራሷን ብስክሌት ታወጣለች፣ ጎማው ተንፍሷል፣ ትነፋዋለች፣ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እሷም ትነሳለች፣ አቀበቱ ላይ ጥለዋት ይሂዱ፣ በሩ ላይ ይጠብቋታል፣ ቦረቦሩን ግን ከፊት ሆና የምታሻግራቸው እሷ ናት።