የቶለሳ ዘጠኝ ኩንታል

ቶለሳ በዕድሜው አንድም ቀን እውነተኛ ምርቱን ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ በሌላው ነገር ሁሉ ቃሉን የሚያከብር፣ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራ ነበር። ገብሱ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ በራሷ ጊዜ ታሳንሳለች። ማሳው ጉለሌ አልቆ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። በደህና ዓመት ዘጠኝ ኩንታል ይሰጠዋል። ገበሬ ማኅበሩ የመንግሥትን የእህል ኮታ ለመደልደል "ስንት ታገኛለህ?" ሲለው ግን አንገቱን ደፍቶ፣ "አራት፤ እሱም እግዜር ካለ" ይላል። ሚስቱ እሌኒም አጠገቡ ቆማ ታቃስትለታለች።

ጎረቤቱ ደበላ የዚህ ተቃራኒ ነው። አምስት ኩንታል የማይሞላ ማሳ ይዞ "ሰባት!" ብሎ ይፎክራል። ሰባት ተብሎ ስለተመዘገበም፣ ኮታው ሲጎድልበት ከአዲሱ ገበያ ገብስ በውድ ገዝቶ፣ በአህያ ጭኖ ዳገቱን ይወጣና የራሱን ምርት አስመስሎ ያስረክባል። ቶለሳ ያንን አህያ ባየ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ የእህል መድን ለመሞከር ሰዎች ወደ ማኅበሩ መጡ። የተናገረችው ሩቅያ የምትባል የአዲሱ ገበያ ባለሱቅ ልጅ ነበረች። ወጣት ናት፤ ግን ረጋ ብላ ነው የምታስረዳው።

"እያንዳንዱ ገበሬ በሚያገኘው ኩንታል ልክ አረቦን ይከፍላል፤ ለአንድ ኩንታል ሦስት ብር። በረዶ ወይም ውርጭ ምርቱን ቢያጎድልበት፣ የጎደለውን እኛ እንክሳለን።"

ቶለሳ እጁን አወጣ።

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው አረቦን በሬ ስገዛ አስቀድሜ የምሰጠው ነው። ሰጥቼ ስጨርስ በሬውን እየነዳሁ እሄዳለሁ። እዚህ ከፍዬ የምነዳው ምንድን ነው?"

"በረዶ ከጣለ ካሳ ያገኛሉ፣ ጋሼ።"

"ካልጣለስ?"

"ካልጣለማ እሰየው ነው! ገብስዎን ይሰበስባሉ።"

"ብሬስ?"

"በረዶ ለመታው ሰው ካሳ ይሆናል።"

"እንዴ! ደበላን በረዶ ቢመታው፣ ከኔ ኪስ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ደበላ ብድግ ብሎ፣ "የኔ ገብስ ፊት በረዶም ያፍራል!" አለና ሳቁን አባባሰው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር በዳሳ ጠረጴዛውን መታ። "ጓዶች! ማኅበራችን ለዚህ ሙከራ ተመርጧል። ስለዚህ ሁላችሁም በፈቃዳችሁ ትገባላችሁ። በፈቃዱ የማይገባ ካለ አሁኑኑ ይነሳና ልየው!"

የተነሳ አልነበረም። ሩቅያ ስትመዘግብ በዳሳ የኮታውን መዝገብ ታቅፎ አጠገቧ ተቀመጠ። ቶለሳ ተራው ሲደርስ ያንን መዝገብ አየና፣ "አራት" አለ። አሥራ ሁለት ብር ከፈለ። ደበላ "ሰባት!" ብሎ ሃያ አንድ ቆጠረ። ቶለሳ በዚያን ቀን ዳገቱን የወጣው እያፏጨ ነበር። ኮታውንም አረቦኑንም በአንድ ቃል አሳንሶ ማምለጥ ለማን ይሳካል?

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ወጣ ሲባል፣ ባቄላ የሚያህል በረዶ ወረደ። ሩብ ሰዓት አይሞላም። የደበላን ማሳ ከዳር እስከ ዳር አነጠፈው። የቶለሳን የላይኛውን ግማሽ ደበደበና፣ መስመር የተሰመረለት ይመስል፣ የታችኛውን ሳይነካ ወደ ጫካው ተሻገረ።

በሳምንቱ ሩቅያ የጎማ ቦቲ ተጫምታ መጣች። በዳሳ ቦርሳውን አንግቶ ተከተላት፤ ከኋላ ግማሹ ማኅበር አለ። የደበላን አይታ ብዙም ሳትቆይ ጻፈች። ከዚያ ወደ ቶለሳ ተሻገረች። ከእንጨት የተሠራ አራት ማዕዘን ነገር ይዛለች፤ እሱን የቆመው ገብስ ላይ ታሳርፍና በውስጡ ያለውን ዛላ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ቶለሳ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ቀብር የደረሰ መስሎ ከኋላዋ ይራመዳል። እሌኒ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

ሩቅያ ደምራ ስትጨርስ ፈገግ አለች።

"ጋሽ ቶለሳ፣ እንኳን ደስ አለዎ!"

"ለምኑ?"

"ከቆመው ብቻ አራት ኩንታል ተኩል ያገኛሉ። ያስመዘገቡት አራት ነው። ምንም አልጎደለብዎትም፤ እንዲያውም ግማሽ ተርፎዎታል።"

"ያ የተኛውስ? እሱ ገብስ አይደለም?"

"ገብስ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የለም።" አንገቷን ዘንበል አድርጋ የላይኛውን ማሳ ቃኘችው። አሳዘናት መሰል፣ "ምናልባት ድሮም ፍሬ የማይሰጥ ጭንጫ መሬት ይሆናል። እንደዚያ ብዬ ልጻፈው እንዴ?" አለች።

ቶለሳ ካሳ ቢከለከል ይችለው ነበር። ይሄን ግን አልቻለም።

"ጭንጫ? የኔ መሬት?" ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። "አራት ጊዜ ገልብጬ ያረስኩት! ፍጉን በጀርባዬ ተሸክሜ ያለበስኩት! ዘጠኝ ነው የሚሰጠኝ! በየዓመቱ ዘጠኝ ኩንታል!"

እሌኒ አፏን በእጇ ያዘች። በዳሳ ቀስ ብሎ መዝገቡን ከቦርሳው አወጣ።

"ዘጠኝ አልክ፣ ጓድ ቶለሳ?"

ያኔ "ተሳስቼ ነው" ቢል ይወጣበት ነበር። ግን ደረቱ ውስጥ የታሰረ ነገር ተፈትቶ ደስ ብሎት ነበርና፣ ጭራሽ ጨመረበት። "ዘጠኝ! ካቻምና እንዲያውም ዘጠኝ ተኩል!"

በዳሳ እስክሪብቶውን ሲያዘጋጅ ሩቅያ ወደ እሱ ዞረች። "በረዶው የርስዎንም ማሳ መትቶታል አሉ። እንሂድና ቆጥረን ካስመዘገቡት ጋር እናስተያየው?"

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ከደነና ጉሮሮውን ጠራረገ። "የኔ... እ... ማለቴ፣ እኔ ካሳ አልፈልግም። ለአብዮቱ ትቼዋለሁ።"

ከኋላ ሰው ሁሉ ሳቁን በጋቢ አፈነ።

ሩቅያ ልትረዳው ብትፈልግም ውሉ አይታረምም ነበር። ቶለሳ ሰባራ ሳንቲም አላገኘም፤ ዘጠኙም በሰው ሁሉ ፊት ተነግሯልና የሚመጣው ዓመት ኮታው በእሱ ተሰላ። ደበላ በሰባት ኩንታል ልክ ካሳውን ተቀብሎ፣ ከአዲሱ ገበያ የባትሪ ራዲዮ ገዝቶ ተመለሰ። እሌኒ ሦስት ቀን ሙሉ ባሏን አላናገረችውም።

በአራተኛው ቀን ደበላ አጥሩን አልፎ መጣ። ራዲዮውን አልያዘም። ጉቶ ላይ ተቀምጦ፣ ከእሱ ባልተለመደ ዝግ ያለ ድምፅ፣ "ቶሌ፣ ያ ዘጠኝ... እውነት ነው?" አለ።

"እውነት ነው።"

"በዚያችው መሬት?"

"በዚያችው።"

"እኔ ሰባት ብዬ ስምል ስገዘት አምስት እንኳ አልሞላልኝም። እንዴት አድርገህ ነው?"

ሃያ ዓመት ሲያርስ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ማን አውቆ ይጠይቀው? ቶለሳ አቧራው ላይ በበትሩ ትልም እየሰመረ ጀመረ፤ መቼ እንደሚገለብጥ፣ ፍጉን ስንት ወር እንደሚያሳድር፣ ውኃው በየት በኩል እንደሚወጣ። ደበላ ልክ እንደ ተማሪ ራሱን ይነቀንቃል።

"ዘሩን ደግሞ" አለ ቶለሳ፣ "ከአውድማ ላይ ፍሬው የሞላውን እየለየሁ..."

"እየለየሁ?" አለች እሌኒ ከቤት ውስጥ። ሦስት ቀን የታሰረው ድምፅ ነው። ወጣችና በሁለቱ መሃል በርጩማ አስቀምጣ ተቀመጠች። "ዘሩን የምለየው እኔ ነኝ። ዞር በል እስቲ፣ ለሰውዬው በደንብ ልንገረው።"