እስከ ጥምቀት የተቆጠረ ዘር

ሦስተኛው ጽንስ ከወረደብኝ በኋላ ዳገት መውጣት ፈራሁ። በ1987 አራተኛውን ስይዝ ደግሞ መሳቅም ፈራሁ። ሳል ሲመጣብኝ ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ነበር የምስለው።

ባለቤቴ ስለሺ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ቤታችን ደሴ ሆጤ ነበር። ፒያሳ ያለው ሐኪማችን ዶክተር ምንተስኖት አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

«የጽንሱ ግማሽ የአባቱ ስለሆነ ለሰውነትዎ ባዕድ ነው። ሰውነትዎ ባዕድነቱን አውቆ ሊታገሰው ይገባል። የባልና የሚስት የበሽታ መከላከያ ዘረ መል በጣም ከተመሳሰለ ይህ ይዛባል የሚሉ አሉ። ገና አልተረጋገጠም። ዝምድና አላችሁ?»

«የለንም። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው።»

በሳምንቱ የስለሺ አባት አክስት እማማ ሐዋ ከቢስቲማ ሊጠይቁን መጡ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያውቃል» አሉኝ። «ለመሆኑ የማን ዘር ነሽ?»

«የእናቴ እናት ወርቅአፈራሁ ይባሉ ነበር። ትውልዳቸው ወደ እናንተ አገር ነው ይላሉ።»

«ጉንጫቸው ላይ የእሳት ጠባሳ ነበራቸው?»

«አዎ።»

ጉልበቴን በመዳፋቸው መቱኝ። «ወላሂ ሸሪፋ ናት! የእናቴ ታናሽ እህት! ክርስቲያን አግብታ፣ ተጠምቃ፣ እንደወጣች ቀረች። እህቴም፣ የስለሺ አያት፣ እንደዚያው ናት። ስለሺ፣ አንተ ጅል፣ ሚስት ፍለጋ ወጥተህ ዞረህ እቤትህ ገባህ!»

ብቻቸውን ሳቁ።

ስንጋባ ዘር የቆጠሩት ሽማግሎች ሁለቱ የተጠመቁት አያቶቻችን ላይ ሲደርሱ አቁመዋል። «የተጠመቀች እንደ አዲስ ተወልዳለች፤ ከዚያ ወዲያ አይቆጠርም» ብለው ነበር። እኛም ተቀብለናል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራት ላይ የስለሺን እጅ ከእጄ አጠገብ እያየሁ ጣቶቻችንን አስተያያለሁ። ሰውነቴ እሱን ከራሱ መለየት ተስኖት ይሆን ልጆቼን የጣላቸው? ይሄኛውንስ?

ሁለታችንም ዶክተሩ ዘንድ ሄድን። የዝምድናውን ሐረግ በጣቱ ቆጠረ።

«ሩቅ ነው። ከዚህ የምትጋሩት ጥቂት ነው። ምክንያቱ ይህ ነው ለማለት አልችልም።»

«አይደለም ይበሉኛ» አልኩት።

«እሱንም አልችልም። የብዙዎቹ ውርጃዎች ምክንያት አይታወቅም። እየተከታተልን እንጠብቃለን።»

ወጥተን ታክሲ መጠበቅ ጀመርን።

«የንስሐ አባታችን ቢሰሙ ተለያዩ ነው የሚሉን» አልኩት።

«ዶክተሩ ጠብቁ ነው ያለው።»

«ታዲያ?»

«እንጠብቃለና። ዘመዴ፣ ቦርሳሽን አምጪ፣ ልያዝልሽ።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ወዲያው ደንግጬ ሆዴን ያዝኩ። እስከ ሆጤ አልለቀቅሁትም፤ እጁን በእጄ ላይ ደርቦ ሄድን።

ባለፈው ጥር፣ ያኔ በሆዴ የነበረችውን ልጃችንን ጽናትን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሎች መጡ። ስለሺ አርፏልና ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ጽናት ጓዳ ውስጥ ጆሮዋን ጥላለች። ትልቁ ሽማግሌ በእኔ በኩል እየቆጠሩ ወርቅአፈራሁ ላይ ደረሱና ቆሙ።

«ከዚያ ወዲያ እንኳ ያው…»

«ይቀጥሉ አባቴ» አልኳቸው። «ስሟ ሸሪፋ ነበር። የቢስቲማ ልጅ ናት። እሷንም፣ እህቷንም፣ የእህቷን ልጆችም ይቁጠሩ።»

ሰውዬው ወደ ጓደኞቻቸው ዞር አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። ጉልበቴ ላይ ያለው እጄ ሳላውቀው ወደ ሆዴ ሄዶ ነበር፤ ቆጥረው እስኪጨርሱ እዚያው ቆየ።