ያልሸሸችው አጋዘን

ቨርሊን የባልዲውን በቆሎ መሬት ላይ ሊደፋ ሲል አጋዘኗ አልሸሸችም። ሌሎቹ ኮቴውን ሰምተው ወደ ዛፎቹ ፈትለክ ብለዋል። እሷ ግን እግሮቿን አንፈራጣ፣ ጆሮዎቿን ጥላ ቆማለች። የጎን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ከአፏ ለሃጭ ይዝረበረባል።

"ሂጂ! ሂጂ እንጂ!" ብሎ ባልዲውን ደበደበ። ዞር ብላም አላየችው።

የአጋዘኖችን አንጎል እየጎዳ አመንምኖ የሚገድላቸው በሽታ የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ከገባ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቨርሊን ወሬውን ይሰማል እንጂ የታመመ አጋዘን በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር።

ቤት ገባ። ባለቤቱ አርዲስ ካለፈው ገና ወዲህ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ስላላት፣ አልጋዋ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቷ የሚፈታው አጋዘኖቹን ስታይ ብቻ ነው። ቨርሊንም በአካባቢው እነሱን መመገብ ክልክል መሆኑን እያወቀ በቆሎውን አላቋረጠም።

"አየኋት" አለችው። "ትናንትም እንደዚሁ ነበረች። ልነግርህ ፈርቼ ነው።"

"ምን ያስፈራሻል?"

"ለዱር እንስሳት ጠባቂዎች ትደውላለህ ብዬ ነዋ።"

ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። "ብደውል መጀመሪያ የሚያዩት በቆሎውን ነው። ይቀጡኛል።"

"ይቅጡሃ! ድብ ያልፈራህ ሰውዬ የቅጣት ወረቀት ፈራህ? ደውል፣ ስቃይዋን አታርዝምባት።"

ደወለ።

የዱር እንስሳት ጠባቂዋ ጆዲ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰች። ቨርሊን ከአያቷ ጋር ለዓመታት አብሮ አድኗል። መጀመሪያ በቆሎውን አየች፤ ከዚያ እሱን። ጠመንጃዋን ከመኪናዋ አወጣች። አንድ ጥይት በቃ።

"ጭንቅላቷ ለምርመራ ይላካል" አለች ጓንቷን እያጠለቀች። "አያቴ ይህን በቆሎ ቢያይ ምን ይልዎት ነበር?"

"ባልዲውን ይይዝልኝ ነበር።"

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። "ሁሉም አንድ ቦታ አፋቸውን ሲከቱ የአንዷ ለሃጭ ለሌላዋ ይተርፋል። መሬቱም ቢሆን ለዓመታት ከበሽታው አይጠራም።"

"ታዲያ የገደልኳት እኔ ነኝ በይኛ።"

"የት እንደያዛት ማንም አያውቅም። ለቀሩት ግን ገና አልመሸም። ከኮረብታው ማዶ ዘንድሮ ታድነው ከመረመርናቸው ሠላሳ አጋዘኖች መካከል አንድም የታመመ አላገኘንም። እዚህ መሰብሰባቸውን ከተዉ ዕድል አላቸው። ቅጣቱን ግን እጽፋለሁ።"

"ጻፊው ልጄ።"

መኪናዋ ከሄደች በኋላ አካፋ አምጥቶ በቆሎውን አንድ ፍሬ ሳያስቀር በጆንያ ሰበሰበ። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰ።

"ከእንግዲህ አይመጡም፣ አርዲስ" አለ በሩ ላይ እንደቆመ።

ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም። ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንግዳ እንኳ አላስገባም ብላ፣ ሰው እንዲህ ሆኜ አያየኝም ብላ፣ ሐኪም ቤት ካልሆነ ከዚያ አልጋ ወርዳ አታውቅም።

"ልጅቷ ከማዶ ያሉት ደህና ናቸው ነው ያለችህ?"

"ከመረመሯቸው ሠላሳ አንዱም አልታመመም አለች።"

"ከመንገዱ ይታያሉ?"

"አመሻሽ ላይ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ከመኪና ሳይወርዱ ይታያሉ።"

አርዲስ በደህና እጇ ብርድ ልብሱን ከላይዋ ገፈፈችው።

"እንግዲያው ምን ቆመህ ታየኛለህ? ቡትስ ጫማዬን አምጣ። የግራውን አንተ ታጠልቅልኛለህ፤ የቀኙን ለራሴ ተወው።"