ዶቅዶቄው በቢሆነኝ ደጅ

የኩልመስክ ሰው እንዲህ ይላል፦ ተክለ ሚካኤል አረቄውን ግጥም አድርጎ ያንን የአባቱን ዶቅዶቄ በምሽት እያስጓራ ሲመጣ፣ ከቢሆነኝ ቤት በታች ያለውን ጥምዝ ሳተና ቋጥኝ ላይ ተከሰከሰ። ፖሊስም ይህንኑ አምኖ ሄደ። እናቱ ወይዘሮ አሰለች ግን ሌላ ነው የሚሉት፦ «ልጄ አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ቢሆነኝ ሽቦ ወጥሮ ነው ያረደብኝ።»

ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙት ስለ ሬሳው ብቻ ነበር። ጭንቅላቱ እንደ ወደቀ ቅል ተፈረካክሶ፣ በነጠላ ተለቅሞ ነው የተቀበረው።

ጠቡ የቆየ ነው። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ቢሆነኝ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ስለ ነበር «ቢሮክራሲ»፣ የወደቀው መንግሥት ሹም፣ ተባለና ግማሽ ማሳው ለተክለ ሚካኤል ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የገብስ ክምር ነደደ፤ በሬ በገጀራ ተቆረጠ። በመጨረሻ ሰው ሞተ።

የተክለ ሚካኤል ታናሽ ወንድም ምሥጋናው ላሊበላ ከተማ፣ በመኖሪያ ግቢው ውስጥ በርና መስኮት እየበየደ የሚኖር ሰው ነው። የወንድሙን ደም ሳይመልስ ጸጉሩን ላይላጭ መቃብሩ ላይ ማለ። እናቱ የተጨማደደውን ዶቅዶቄ በአይሱዙ አስጭነው አመጡና ግቢው መሀል አስጣሉት፤ ራሳቸውም እዚያው ከረሙ።

«ጠግነው» አሉት። «በሙት ዓመቱ በቢሆነኝ ደጅ ይጩኽ። ድምፁን ሰምቶ ይውጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ወንድ ከሆንህ ታውቀዋለህ።»

የብየዳ ማሽኑን ሽቦ ጠቅልሎ የሠራው ምሥጋናው ራሱ ነው፤ ሲለኩሰው የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ይፈዛል።

«አንተ ጎፈሬ!» ይጮኻል ጎረቤቱ አለሜ ከአጥር ወዲያ። «ዛሬም ራታችንን በዳበሳ ልታበላን ነው? ጣታችንን ከሥጋው መለየት አቃተን እኮ!»

«ንከሰው! ጣትህ ከሆነ ያምሃል!»

የፊት ጎማውን የሚይዙትን ሁለት እግሮች በእሳት አግሎ በመዶሻ ሲያቃና፣ በሁለቱም ላይ በአንድ ልክ ቀለሙን ልጦ ብረቱን የፋቀ ጭረት አገኘ። ቋጥኝ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይጭርም። ሽቦ ነው። ደሙ ፈላ፤ መዳፉ እስኪቀደድ የግቢውን የብረት በር በመዶሻ ቀጠቀጠ። እናቱ ወጥተው ጭረቱን አዩና እልል አሉ።

ሻንሲው፣ ዋናው የብረት አጽሙ፣ ደግሞ ከነዳጅ ታንኩ ሥር ተሰንጥቆ ነበር። ታንክ ሳይወርድ ብየዳ ከለኮሱ መጋየት ነውና፣ ተጨፍልቆ የተጣበቀውን ታንክ በመሮ ፈልቅቆ አነሣው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ዱብ አለ። የአባቱ ሽጉጥ ነው፤ ጥይቱን እንደ ጎረሰ። እናቱ «መንግሥት መሣሪያ ሲገፍፍ አስረከብሁት» ይሉት የነበረው። ጨርቁም ከአሮጌ ቀሚሳቸው የተቀደደ ነው፤ ጥለቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ዞሮ የመብራቱን ማብሪያ አየ። እንደ ጠፋ ጎብጦ ቀርቷል። ወንድሙ በዚያ ድቅድቅ ጨለማ መብራት አጥፍቶ ነበር የሚነዳው።

ሽጉጡን ከነጨርቁ ደበቀው። ስንጥቁን በየደው፤ ብየዳው ክፉ ቁስል የተወው ጠባሳ መሰለ።

በሙት ዓመቱ ቀን እናቱን ከኋላው አፈናጥጦ ነዳ። ወይዘሮ አሰለች ጥቁር ለብሰው፣ ወገቡን ጥርቅም አድርገው ይዘው፣ «ዛሬ አንጀቴ ይርሳል» ይላሉ። ቢሆነኝ ደጅ ሲደርሱ ቆሞ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። ዶቅዶቄው መንደሩን አናወጠው።

ቢሆነኝ ሽመሉን ይዞ ወጣ። አልሸሸም።

«የሙት ፈረስ ጭነህ መጣህ?»

«ባለቤቱ ልኮኝ ነው።»

ሽመሉ ቀድሞ የምሥጋናውን ግራ ትከሻ አገኘው። ምሥጋናው ይዞት በመጣው መዶሻ የቢሆነኝን ክንድ ሲመታው አጥንቱ ቀጭ አለ። ተያይዘው ወደቁ። ምሥጋናው ከላይ ሆኖ ፊቱን በክርኑ ደቆሰው፤ ጥርስ ከደም ጋር ረገፈ። ጎረቤት እየጮኸ ከየቤቱ ወጣ። ምሥጋናው መዶሻውን አነሣ።

«በለው!» አሉ እናቱ። «ምን ትጠብቃለህ? ቀሚሴን ላልብስህ?»

«ሽቦውን ወጥረኸዋል?» አለ ምሥጋናው።

ቢሆነኝ ደም ተፋ። «ወጥሬያለሁ። ሊገድለኝ እንደሚመጣ ሰምቼ በየምሽቱ ስወጥር ነበር። መብራት አጥፍቶ ሰው ደጅ የሚመጣ ምን ሊል ነው? እንዴት አመሻችሁ ሊል?»

መዶሻው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ምሥጋናው መዶሻውን ጥሎ ተነሣና ከጉያው ጥቅሉን አውጥቶ እናቱ እግር ሥር ወረወረው። ወይዘሮ አሰለች ጥለቱን አዩ። በነጠላቸው ሊሸፍኑት ጎነበሱ።

«እማ፣ አንዱን ልጅሽን በዚህ ሽጉጥ ልከሽ ቀበርሽው» አለ። ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «ሽቦውንም ሽጉጡንም ለዳኛ እናገራለሁ። ምላጭ ያላችሁ ስጡኝ፤ ጸጉሬን እዚሁ እላጫለሁ።»